ከፍ ያለው ቁጥርና የቆላው ሙቀት

በምዕራብ ጎንደር መተማ ቆላ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በኮኪትና በአካባቢዋ ደም ሰጥቶ የምርመራ ወረቀቱን ይዞ የሚወጣ ሰው ሁለት መስመሮች ላይ ዓይኑ ሊያርፍ ይችላል። አንደኛው ፖታሲየም ነው። ሁለተኛው ሲ.አር.ፒ ወይም ኢ.ኤስ.አር ይባላል፤ ሰውነት ውስጥ ብግነት እንዳለ ለመጠርጠር የሚታዘዝ ምርመራ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ወይም ‹ኤች› የሚል ምልክት ከተገኘ ቤተሰቡ ይደነግጣል። ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ በቴሌግራም ይላካል። መልሱ ግን አንድ ዓይነት አይሆንም።

አንዱ ወገን ምርመራው ወደ ሕዝቡ መቅረብ አለበት ባይ ነው። ቆላው በሽታ የሚበዛበት፣ ሆስፒታል የሚርቅበት አገር በመሆኑ ሰው ውጤቱን ማየትና መረዳት ይገባዋል ይላል። ሌላው ወገን ያለ በቂ ምክንያት የታዘዘ ምርመራ ገንዘብ ያስወጣል፣ ያስደነግጣል፣ ሲብስም የማያስፈልግ መድኃኒት ያስጀምራል በማለት ይጠነቀቃል። ሁለቱንም ሐሳብ ከሐኪሞችም፣ ከላብራቶሪ ባለሙያዎችም፣ ከታካሚዎችም አፍ መስማት ይቻላል። ሁለቱም ከእውነተኛ ችግር የተነሡ ስለሆኑ ወደ አንዱ ከማዘንበል በፊት እያንዳንዱን ረጋ ብሎ መከተል ይሻላል።

የመጀመሪያው ወገን ክርክር በመተማ ምድር ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ፤ እሱም ካላዛር ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወሩ በዚያው የሚከርሙት ሳሉጎች፣ ሜዳ ላይ ሲያድሩ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ የሰውነት መክሳት ይከተላል። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ገዳሪፍም የዚሁ በሽታ ቀጣና ነው።

ታዲያ ፖታሲየም እዚህ ምን አገባው? የሚያስገቡት መድኃኒቶቹ ናቸው። የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ17 ቀናት በመርፌ መስጠት ነው። ስቲቦግሉኮኔት የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል፤ ፖታሲየም ዝቅ ካለ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። በጠና ለታመሙና ኤች.አይ.ቪ ላለባቸው የሚመረጠው አምቢሶም፣ ማለትም በቅባት ጠብታ የተሸፈነው አምፎቴሪሲን ቢ፣ በራሱ ኩላሊት ፖታሲየምና ማግኒዚየም እንዲያፈስ ያደርጋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ኤች.አይ.ቪ ላለባቸው ካላዛር ታካሚዎች አምቢሶምን ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ የመከረው ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተካሄደ ጥናት ካስገኘው ማስረጃ ጭምር በመነሣት ነው። ሕክምናው ከዚሁ አካባቢ ሰዎች ልምድ የተገኘ ሆኖ ሳለ አብሮት የሚያስፈልገው የፖታሲየም ክትትል በቅርብ አለመገኘቱ ቢያስቆጭ አያስደንቅም። መድኃኒቱን እየሰጡ ቁጥሩን ሳያዩ መቆየት ለታካሚው አስተማማኝ አይደለም፤ የዚህ ወገን ጥያቄ ፍትሐዊ ነው።

በካላዛር መድኃኒት ብቻም አያበቃም። ለደም ግፊት በስፋት የሚታዘዙት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ፖታሲየምን ዝቅ ያደርጋሉ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ከፍ ያደርጉታል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ባክትሪምም ሊጨምርበት ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሜዳ ላይ ሲሠራ ውሎ ውኃው ያለቀበት፣ በተቅማጥ የተጎዳ ወይም የኩላሊት ሕመሙ ያልታወቀለት ሰው ላይ እነዚህ ሲደራረቡ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብም ምቱን ያዛባል። የተለመደው ገደብ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል አካባቢ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ጥቂት ይለያያል። ከ2.5 በታች ወይም ከ6.5 በላይ ሲሆን አደጋው በሰዓት የሚቆጠር ነው። እዚህ ላይ መዘግየት ጥንቃቄ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሁለተኛው ወገን መከራከሪያ ይመጣል፤ እሱም ቀላል አይደለም። በሰውነት ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ ነው ያለው። ላብራቶሪ የሚለካው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ሰው ከደጃፉ የፈሰሰውን እፍኝ ቆጥሮ ስለ ጎተራው እንደሚገምት ማለት ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሲሳሳት ግን በጣም ይሳሳታል፤ ጎተራው ሲቀዳደድ እፍኙ ይበዛልና።

መቀዳደዱ የሚጀምረው አንዳንዴ ገና ደም ሲቀዳ ነው። ክንድ ለረጅም ጊዜ ሲታሰር፣ ታካሚው ‹ጨብጥ፣ ልቀቅ› እየተባለ እጁን ደጋግሞ ሲጨብጥ፣ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ወይም ቱቦው ሲንቀጠቀጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ አለዚያም ጡንቻው ራሱ ፖታሲየም ይለቃል። ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በሰውየው ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ለደም ቆጠራ የሚውለው ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የተባለው ንጥረ ነገር የፖታሲየም ጨው ነው፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ሌላው ቱቦ ከተቀላቀለ ፖታሲየሙን እጅግ ከፍ፣ ካልሲየሙን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የልምድ ጉዳይ ነው፤ የተዋጣለት ባለሙያ ቱቦዎቹን በቅደም ተከተል ይሞላል።

ከዚያ ሙቀቱ አለ። ደም ሳይለይ በጋለ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ሕዋሳቱ በመጀመሪያ ፖታሲየሙን ወደ ውስጥ ይስቡታልና ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ሰዓታት ካለፉና ስኳሩ ካለቀ በኋላ ግን ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ‹እንግዲያው በበረዶ ይጫን› የሚል ሰው ይኖራል። ያልተለየ ደም ሲቀዘቅዝ ሕዋሳቱ ፖታሲየምን የሚይዙበት ፓምፕ ይዳከማል፤ ቁጥሩ እንደገና በሐሰት ከፍ ይላል። ከኮኪት ተነሥቶ በመኪና ረጅም መንገድ የሄደ ቱቦ ሁለቱም ሊገጥሙት ይችላሉ። ስለዚህ ‹ቁጥሩን ብቻ አታምኑ› የሚለው ወገን ዘመናዊ ምርመራን የሚንቅ ሳይሆን የላብራቶሪን ሥራ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ይህ እውነት በተቃራኒው አቅጣጫ ሊገፋ ይችላል፤ ይህም ያሳስበኛል። ‹ናሙናው ተበላሽቶ ነው› የሚለው መልስ በቀላሉ ስለሚመጣ እውነተኛውን ከፍ ያለ ፖታሲየም ሊሸፍን ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ 7 ቢያሳይ ደሙ ፈንድቶ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ጥርጣሬው ቁጥሩን ለመድገም እንጂ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። የልብ ምርመራው ኢሲጂ ካለ ወዲያው መነሣት፣ ደሙን በፍጥነት እንደገና መቅዳት ይገባል፤ የልብ ምት ለውጥ ካለ ደግሞ ሁለተኛውን ውጤት ሳይጠብቁ ልብን ለመከላከል ካልሲየም መስጠት የታወቀ አሠራር ነው።

የሁለተኛው ወገን አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ኮሌራ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት በኩመር ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ኮሌራ ብዙ ፖታሲየም ያጥባል፤ ሆኖም ሕክምናው በላብራቶሪ ቁጥር ላይ አይቆምም። በተለምዶ ለምለም የሚባለው የሚጠጣ ጨው በሊትር 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ይዟል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽም ትንሽ አለው። ታካሚው በምልክቱ ይታከማል፤ ብዙ ሰው የሚድነውም እንዲህ ነው። ከዚህም ሌላ በከባድ ተቅማጥ ደሙ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ፖታሲየም ከሕዋስ ወደ ደም ይወጣና ቁጥሩ ደህና መስሎ ይታያል፤ በውስጥ ያለው ክምችት ግን ተራቁቷል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ባለሙያ ‹ደህና ነው› ሊል ይችላል። እንግዲህ ምርመራ ማጣት ሁልጊዜ ሕክምና ማጣት አይደለም የሚለው አባባል ቢያንስ በኮሌራ ረገድ ይጸናል። ለ17 ቀናት በሚሰጠው የካላዛር መርፌ ረገድ ግን ያን ያህል አይጸናም።

ሌላው መስመር፣ የብግነት ጠቋሚው፣ የክርክሩን መልክ ይለውጠዋል። ሲ.አር.ፒን በ1930 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ የሳንባ ምች ታካሚዎች ደም ውስጥ አገኙት። ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን ሰውነት ሲቆጣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ በሁለት ቀን ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ መንስኤው ሲቆም ደግሞ በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ፈጣን ነው። ኢ.ኤስ.አር ዝግተኛ ነው፤ ቀይ ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ቱቦው ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደሰመጡ ይለካል። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም፤ በአገራችን ላብራቶሪዎች የቆየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ጥቅም ተጨባጭ ነው። ቬትናም ውስጥ ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የመተንፈሻ አካል ሕመም ይዟቸው ከመጡ ሰዎች መካከል ሲ.አር.ፒ በጣት ደም ከተለካላቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ አንቲባዮቲክ የወሰዱት 64 በመቶ፣ ካልተለካላቸው 78 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ግን በየክሊኒኩ ለጉንፋን ሳይቀር አንቲባዮቲክ በሚታዘዝበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ኤች.አይ.ቪ ያለባቸውን ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ለመለየት በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ የሆነ ሲ.አር.ፒን አንዱ መንገድ አድርጎ መክሯል። በምዕራብ ጎንደር ሁለቱም በሽታዎች ስላሉ ይህ ምክር ባዶ ሊባል አይችልም።

ግን የቬትናሙ ውጤት መተማ ላይ እንዳለ ይሠራል ማለት ያስቸግራል። ወባ በራሱ ሲ.አር.ፒን ከፍ ያደርጋል። ካላዛርም ያደርጋል። ከደጋ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወባ የያዘው ወጣት ሲ.አር.ፒ 120 ቢያሳይ ቁጥሩ ስለ ባክቴሪያ የሚናገረው ነገር የለም፤ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ካልተደረገ ጠቋሚው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይጠቁማል። ዝቅተኛ ሲ.አር.ፒ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን ያርቃል ብሎ ማሰብ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ትኩሳቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ይህም አስተማማኝ አይሆንም።

ኢ.ኤስ.አር ከዚህ ይበልጥ ያደናግራል። ደም ማነስ ከፍ ያደርገዋል፤ ካላዛር ደግሞ ደም ያሳንሳል። ካላዛር በደም ውስጥ ያሉ ጋማ ግሎቡሊን የተባሉ ፕሮቲኖችን እጅግ ስለሚያበዛ ኢ.ኤስ.አር ከ100 ቢያልፍ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሕክምናው ከሰመረም በኋላ ለሳምንታት ላይወርድ ይችላል። እርግዝናም ከፍ ያደርገዋል፣ ዕድሜም እንዲሁ። አንድ የቆየ መለኪያ ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት አካፍሎ፣ ለሴት ዕድሜዋ ላይ 10 ጨምሮ ለሁለት አካፍሎ የላይኛውን ገደብ ያገኛል፤ በዚህ ስሌት የ70 ዓመት እናት 40 ቢደርስባቸው የሚያስደነግጥ አይሆንም። ምርመራው የሚነበበው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ነው፤ በጋለ ክፍል ውስጥ ሕዋሳቱ በፍጥነት ይሰምጣሉ። ቱቦው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ውጤቱ በሐሰት ይጨምራል። በሚያዝያ እኩለ ቀን፣ ማራገቢያው በቆመበት ክፍል የወጣን 60 ከጎንደር ጠዋት ከወጣ 60 ጋር እኩል ማየት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፤ አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ሲ.አር.ፒ በአንዳንድ ላብራቶሪ በሚሊግራም በሊትር፣ በሌላው በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በኮኪት 30 የነበረ ሰው ሌላ ቦታ 3 ሲባል ‹ዳንኩ› ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ መጠኑ ግን ያው ነው።

በአንድ መስመር ላይ ያለ ክርክር ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚጠይቁት ፍጥነት አንድ አይደለም። ከገደብ የወጣ ፖታሲየም ፈጥኖ መደገምንና መወሰንን ይጠይቃል። ከፍ ያለ ሲ.አር.ፒ ወይም ኢ.ኤስ.አር ደግሞ ታካሚው በጠና ካልታመመ በአብዛኛው ቆም ብሎ ‹ለምን?› ማለትን፣ ታካሚውን መመርመርንና ከቀናት በኋላ አቅጣጫውን ማየትን ይጠይቃል። ሕዝቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ‹ደምህ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ› ሲባል ፈጥኖ መርፌ ይፈልጋል፣ ‹ፖታሲየምህ ወርዷል› ሲባል ደግሞ ሙዝ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ የታካሚው ስንፍና አይደለም። ልዩነቱን ማንም ስላልነገረው ነው።

ስለ ሙዙም በጥቂቱ። ሙዝ፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ ምስርና ባቄላ ፖታሲየም አላቸው፤ ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው መልካም ምግብ ናቸው። በአምቢሶም ምክንያት 2.6 የደረሰን ፖታሲየም ግን ሙዝ አይመልሰውም፤ ማግኒዚየሙ አብሮ ካልተስተካከለ በመድኃኒት የተሰጠው ፖታሲየም እንኳ አይቆይም። በተቃራኒው የኩላሊት ሕመምተኛ ‹ለአቅም› ተብሎ የሚሰጠው ምግብ፣ ወይም ከውጭ የሚላክለት በፖታሲየም ክሎራይድ የተሠራ የጨው ምትክ፣ ሊጎዳው ይችላል። የዘመድ ምክር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም የታካሚውን ኩላሊት ሁኔታ ሳያውቁ ምግብ ማዘዝ ለሁለቱም ዓይነት ታካሚ ያስቸግራል።

ውጤቱ ለታካሚው ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ጥያቄ ላይ፣ ቁጥር መስጠት ፍርሃት መስጠት ነው የሚሉት ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። የዊዳል ምርመራ ብዙ ሰው ‹ታይፎይድ አለብህ› አስብሎ በየጊዜው አንቲባዮቲክ ሲያስወስድ የኖረ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሲ.አር.ፒም ያንኑ መንገድ እንዳይከተል መስጋት ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ሳሉጉ ዛሬ ኮኪት፣ ነገ ሽንፋ፣ ከነገ ወዲያ አብደራፊ ነው። ወረቀቱን ካልያዘ ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። ተንቀሳቃሽ ሕዝብ ባለበት አገር ወረቀቱ ራሱ የሕክምና መዝገብ ነው፤ እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ወገን አዘነብላለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው ወገን የሚጠይቀው ጥንቃቄ ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ የተነበበበት ሰዓት፣ የመለኪያ አሃዱ፣ የዚያ ላብራቶሪ ገደብ፣ ናሙናው ፈንድቶ ከሆነ ያም። ይህን የሚጠይቅ ታካሚ ባለሙያውን አይዳፈርም፤ ‹ስንት ሰዓት ላይ ነው የተቀዳው? ይደገምልኝ ወይ?› ማለት ከማንም አፍ ሊወጣ የሚችል ጥያቄ ነው።

የምርመራ መሣሪያው ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ይውረድ ወይስ በሆስፒታል ይቆይ በሚለው ላይ ግን መስማማት ገና ሩቅ ይመስለኛል። በመብራት መቋረጥና በሪኤጀንት፣ ማለትም በምርመራ ኬሚካል፣ እጥረት የቆመ ፖታሲየም የሚለካ የኤሌክትሮላይት መሣሪያ ማንንም አይጠቅምም፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ‹ወደ ጎንደር ሪፈር› ማለት ብቻውን መልስ አይደለም። እኔ የምደግፈው የሚከተለውን ነው። ፖታሲየምን መለካት የካላዛር መርፌ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ፣ እንደ መተማ ሆስፒታል ባሉት፣ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ እንደ ግዴታ ይቆጠር፤ መድኃኒቱ ሲላክ ሪኤጀንቱም ይላክ። በጤና ጣቢያ ደረጃ የጣት ደም ሲ.አር.ፒ ቢገባ ደግሞ ከወባ ፈጣን ምርመራ በኋላ ብቻ፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ላለፈ ታካሚ ደግሞ የካላዛሩ አር.ኬ.39 ምርመራ ከተሠራ በኋላ ይሁን። ኢ.ኤስ.አር ዋጋው ትንሽ ነው ተብሎ ለሁሉ ታካሚ የሚታዘዝ ከሆነ ግን የተጨመረው እውቀት ትንሽ፣ የተጨመረው ጭንቀት ብዙ ይሆናል ብዬ እሠጋለሁ፤ በዚህ ከእኔ የሚለዩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ረጅም ጊዜ የሚታከሙ የሳንባ ነቀርሳና የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን ይጠቅሳሉ፤ ለእነዚያ ታካሚዎች ትክክል ናቸው።